ሁለት ሲደመር ሁለት ስድስት ያለው የጋሽ ሉቃስ ኮምፒውተር

እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ይህን ስናገር እየኮራሁ አይደለም፤ እያፈርኩም አይደለም። ቁመቴ አጭር ነው እንደ ማለት ነው። የባጃጅ ሾፌር ከወትሮው ሞቅ አድርጎ ሰላም ካለኝ መንገዱን ሊያዞርብኝ ነው ብዬ አስባለሁ። ገበያ ውስጥ ቅቤ ሻጯ "ላንተ ስል ነው" ካለችኝ፣ ለእኔ ሲባል ምን እንደ ተጨመረበት ለማወቅ ጣቴን እስከ አንጓው እሰዳለሁ። ባለቤቴ ማርታ፣ "አንተ እኮ ጥላህ ከኋላህ ሲመጣ ምን ፈልጎ ነው የምትል ሰው ነህ" ትለኛለች። ውሸቷን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከፊቴ ሲቀድም ነው።

ሌላው ጠባዬ የማላውቀውን ነገር አላውቅም ማለት አለመቻሌ ነው። እዚሁ ሶዶ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል እሠራለሁ። አንድ ቀን ፕሪንተሩ ወረቀት ጎርሶ አልለቅ ሲል ንዴቴ መጣና በጥፊ አልኩት፤ ተፋው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመሥሪያ ቤቱም በሰፈሩም ስሜ "አይቲው" ሆነ። እኔም ስሙን አልመለስኩም።

ይህ ስም ነው እንግዲህ ጋሽ ሉቃስ ዘንድ ያደረሰኝ። ጋሽ ሉቃስ ጎረቤቴ ናቸው፤ አጥራችን አንድ ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሒሳብ አስተምረዋል። ሶዶ ውስጥ ማባዛት የሚችል ሰው ሁሉ የእሳቸው ተማሪ ነው፤ የማይችለውም እንደዚሁ። ጊፋታ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ያው የወላይታ ዘመን መለወጫችን ስለሆነ ሰው ሁሉ ለቅርጫ በሬ ማየት በጀመረበት ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በአጥሩ ላይ ጠሩኝ።

"አይቲ! አለህ? ና እስቲ፣ አንድ ኮምፒውተር ታይልኛለህ።"

ሄድኩ። ከአልጋቸው ሥር የቆርቆሮ ሳጥን ጎትተው አወጡ። ከሳጥኑ ጋቢ፣ ከጋቢው ውስጥ ላስቲክ፣ ከላስቲኩ ውስጥ እንደ ዳቦ የወፈረ ኪቦርድ ወጣ።

"ኮምፒውተሩስ?" አልኩ።

"ይኸው።"

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ኪቦርድ ነው።"

"ኪቦርዱም እሱ ነው፣ ኮምፒውተሩም እሱ ነው። ድሮ በየሰው ቤት የሚቀመጠው እንዲህ ነበር። ቴሌቪዥን ላይ ይሰካል። ፕሮግራሙን ከቴፕ ካሴት ያነባል።"

ዓይኔን አጠበብኩ። ኮምፒውተር ከካሴት ያነባል ሲባል የሰማሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። "ከየት መጣ?"

"ወጣት ሳለሁ አብሮኝ ሒሳብ ያስተምር የነበረ ፈረንጅ ነው አገሩ ሲመለስ የሰጠኝ።"

"ዝም ብሎ?"

"ዝም ብሎ።"

ይህን "ዝም ብሎ" ልብ በሉልኝ። እኔ ልብ ብዬዋለሁ።

ከዚያ ጋሽ ሉቃስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነገሩን ነገሩኝ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስቴር ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ልጃቸው አልማዝ ያን ጊዜ ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች፤ አሁን ራሷ የልጆች እናት ናት። የቤተሰቡን ፎቶግራፎች፣ አልበሙን ከነሳጥኑ፣ ምስጥ በላቸው። አልማዝ የእናቷን ፊት አታስታውስም። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ያኔ ኮምፒውተሩ እጃቸው እንደ ገባ፣ ጋሽ ሉቃስ ሚስታቸውን ወንበር ላይ አስቀምጠው ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ሣሏት። ከዚያ እያንዳንዱን ካሬ ወደ ቁጥር ለውጠው፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ ወደ ማሽኑ አስገቡ። ሦስት ወር ፈጀባቸው። ወረቀቱንም ምስጥ በላው። ካሴቱን ግን አልበላውም።

"እስከ ዛሬ ለምን አላሳዩዋትም?"

ጋሽ ሉቃስ ጋቢውን አጣጠፉ፣ እንደ ገና ዘረጉ። "አልቻልኩም። አንድ ሁለቴ ሳጥኑን ከፍቼ ዘግቼዋለሁ። አሁን ግን ፊቷን የማውቀው እኔ ብቻ ቀረሁ። እኔም መርሳት ጀምሬያለሁ። ለጊፋታ ከአረካም ከሻንቶም ዘመድ ይሰበሰባል፤ ከዚያ በፊት ልጄ ትያት።"

እንዲህ ሲባል ማን አላውቅም ይላል? "ጋሼ፣ ለእኔ ይተዉት። መጀመሪያ ቤት ወስጄ አቧራውን ላራግፍለት" አልኳቸው።

አቧራ ማራገፉ እውነት ነው። ግን ሁሉንም ልንገራችሁ። ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና በካቻቢቴ ፈታሁት። ፈረንጁ ዝም ብሎ የሰጠውን ነገር ዝም ብዬ አልቀበልማ! ውስጡ አረንጓዴ ቦርድ አለ። ቦርዱ ላይ ጥገና ቤቶች አይሲ የሚሏቸው፣ በዚህም በዚያም እግር ያወጡ ጥቁር ነገሮች ተደርድረዋል። ከሁሉ ዓይኔን የሳቡት ግን በአንድ መስመር የተሰለፉ ስምንት አይሲዎች ናቸው። መልካቸው አንድ፣ ቁመታቸው አንድ፣ ጀርባቸው ላይ ያለው ጽሑፍ አንድ። ስምንት መንታ! አንድ ሥራ ለመሥራት ስምንት ተመሳሳይ ነገር ለምን ያስፈልጋል? አንዱ የሰው ወሬ የሚያቀብል ቢሆንስ? ወሬ አቀባይ በግልጽ ዳር ላይ አይቆምምና የዳሩን አልነካሁም፤ ከዳር ቀጥሎ ያለውን በቢላ ጫፍ ፈንቅዬ አወጣሁና ሆዱን አየሁት። ምንም የለም። መልሼ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፤ ቀጭ አለ። ዘጋሁት። ለማንም አልተናገርኩም። እንዲያውም አገር ያዳንኩ ያህል ደስ ብሎኝ ምሳዬን በላሁ።

በማግሥቱ ከጸሎት መልስ ጋሽ ሉቃስ ቤት ተሰበሰብን። የዛሬዎቹ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች ለዚህ አይመቹም ስለ ተባለ፣ መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግነው ተክሌ፣ ኋላዋ እንደ ከረጢት የወጣች አሮጌ ቴሌቪዥን በባጃጅ ይዞ መጣ። ተክሌ ዝምተኛ ሰው ነው። ዝምተኛ ሰው ደግሞ ምን እያሰበ እንደሆነ አይታወቅም። እኔ ማከፋፈያ ገመድ ለማምጣት ወደ ቤቴ ስሮጥ፣ እሱ ከማሽኑ ጋር ብቻውን ቀረ። ይህችንም ልብ ብያታለሁ።

ሰካነው። ጋሽ ሉቃስ አበሩት። አልማዝ ከአባቷ ኋላ ቆማ ነጠላዋን በሁለት እጇ ይዛለች።

ስክሪኑ በራና ከላይ እስከ ታች በቀጫጭን የቆሙ መስመሮች ተሞላ። የቆርቆሮ አጥር በሉት። በመስመሮቹ መካከል ባዶ መሆን የነበረበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ትእምርተ ጥቅስ ሞልቶታል። እግዜር ያሳያችሁ፣ አንድ ቃል ያልተናገረ ማሽን ስክሪን ሙሉ ጥቅስ! የማንን ንግግር ነው የሚጠቅሰው? ትናንት ቤቴ ውስጥ ለራሴ ያልኩትን ይሆን?

ጋሽ ሉቃስ በአንድ ጣታቸው የእንግሊዝኛውን ኤ ተጫኑ። ሲ ጻፈ። ዲን ተጫኑ፤ ኤፍ ጻፈ። ቢን ሲጫኑ ግን ቢ ራሱ ወጣ።

"ቢን ለምን ማረው?" አልኩ።

"ቁጥር ልጠይቀው" አሉና ሁለት ሲደመር ሁለት ስንት ነው ብለው አዘዙት።

ስድስት አለ።

ጋሽ ሉቃስ መነጽራቸውን አወለቁ። "ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር ይህን መልስ የሰጠኝ አንድ ተማሪ ብቻ ነው" አሉ። "እሱም አሁን ትልቅ ቦታ ደርሷል።"

ይሁን፣ ሥዕሉን እንሞክር ተባለ። ካሴቱን ከማሽኑ ጋር በሽቦ በተያያዘ ቴፕ ውስጥ ከተቱት። ቴፑ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ጮኸ፤ ይኼ ጩኸት ነው አሉ ሥዕሉ። ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ላይ አንድ ነገር መሠራት ጀመረ። ፊት ነው። ግን እንዴት ያለ ፊት! ግማሹ የለም፤ ያለው ግማሽ ደግሞ ጎን ለጎን ሁለት ሁለት ጊዜ ተደግሟል። ጆሮ ላይ ጆሮ፣ አገጭ ላይ አገጭ። በዚያ ላይ መስመሮቹ ከፊቱ እንደ ብረት ፍርግርግ ቆመዋል።

አልማዝ ጠጋ ብላ አጎንብሳ በመስመሮቹ መካከል ለማየት ሞከረች፤ በመስኮት ሰው እንደሚፈለግ ሁሉ አንገቷን ወዲያ ወዲህ አደረገች።

"እናቴ ከዚህ ኋላ ናት?" አለች።

አባቷ ማሽኑን አጠፉት።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ ለእኔ የግሌ የሆነው። ይህን ያደረገ ሰው አለ፤ አገኘዋለሁ አልኩ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ከመንገዱ ማዶ ያለውን ብየዳ ቤት ነው። ብየዳ መብራት ያርገበግባል፤ ይህ የታወቀ ነው። ሰኞ ከሥራ እንደ ወጣሁ ሄጄ ለዐሥር ደቂቃ እንዲያቆም ለመንኩት። በያጁ ጭምብሉን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ "ለምን?" አለኝ። "አንዲት ሟች ፊቷ ስለ ተበላሸ ነው" አልኩት። ሰውየው ከዚያ በኋላ ምንም ሳይጠይቅ ሱቁን ዘግቶ ሄደ። ጋሽ ሉቃስ ቤት ተመልሼ ማሽኑን አበራሁ። መስመሮቹ እንዳሉ ናቸው። ስለዚህ በያጁ ድምፁን ብቻ ነው ያጠፋው እንጂ ሌላ ቦታ እየበየደ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ ሄጄ በሩን በቀዳዳ አየሁ።

ማክሰኞ መብራት ኃይሉን ጠረጠርኩ። ረቡዕ ጋሽ ሉቃስን ራሳቸውን ጠረጠርኳቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ሥዕሉን መጀመሪያውኑ እንዲህ ሠርተውት ረስተው ቢሆንስ? ይህን ለማርታ ስነግራት ወጥ የምታማስልበትን ማንኪያ አቁማ ወደ እኔ ዞረች።

"ሰውየው ሚስቱን በአራት ጆሮ ሣላት ነው የምትለው?"

"አልኩ እንጂ አላረጋገጥኩም።"

ሐሙስ ወደ ቴሌቪዥኗ ዞርኩ። የተበላሸችው ተክሌ ያመጣት ቴሌቪዥን ብትሆንስ? አረካ ያለ የአክስቴ ልጅ እንደሷ ያለች አሮጌ ቴሌቪዥን እንዳለችው አውቃለሁ። ቅዳሜን ጠብቄ ጋሽ ሉቃስን አስፈቅጄ ማሽኑን በጋቢው ጠቅልዬ በሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ በሁለት እጄ አቅፌዋለሁ። ከጎኔ የተቀመጡ አዛውንት በወላይትኛ ሳሮ ብለው ሰላምታ ሰጥተውኝ፣ መልሼላቸው፣ ትንሽ እንደ ተጓዝን ጋቢው ሸርተት ብሎ ቁልፎቹ ታዩ።

"ኦርጋን ነው?" አሉ።

ምን እንደሆነ ብናገር ወሬው ከእኔ ቀድሞ አረካ ይደርሳል ብዬ ሰጋሁ። "አዎ፣ ኦርጋን ነው" አልኩ።

"የየትኛው ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ናችሁ?"

"የ... አዲስ ነው። ገና ነው።"

"እስቲ አንዲት መዝሙር ምታልን፤ መንገዱ እንዲያጥር።"

"ባትሪ የለውም።"

"ድምፅህን እንስማ እንግዲያው!" አለች ከኋላ አንዲት ሴት። ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ወደ እኔ ዞረ። ሰው በግድ እንድዘምር የሚፈልግበት ምክንያት ምን እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም። ግን ዘመርኩ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ግጥሙ ጠፋብኝ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ተቀብሎኝ እየዘመረ አረካ አደረሰኝ። ስንወርድ አዛውንቱ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ "ኦርጋኑን ጠንክረህ ተማር፤ በድምፁ በኩል እግዚአብሔር ሌላ ሰው ይሰጣችኋል" አሉኝ።

አረካ ላይ በሌላ ቴሌቪዥን፣ በሌላ ገመድ፣ በሌላ መብራት ሰካሁት። ያው መስመር። ያው ጥቅስ። ሁለት ሲደመር ሁለት፣ ስድስት።

ጤነኛ ሰው በዚህ ጊዜ ቴሌቪዥኗም ተክሌም ንጹሕ ናቸው ይላል። እኔ ግን ስመለስ መንገዱን ሁሉ ሳሰላስል የደረስኩበት ሌላ ነው። ቴሌቪዥኗ ካልሆነች ማሽኑ ነው። ማሽኑ ከሆነ ከውስጡ አንድ ነገር ተወስዷል። ከማሽኑ ጋር ብቻውን የነበረው ማን ነው? ተክሌ! እውነተኛውን አይሲ አውጥቶ የማይረባ ከቶበታል። አሮጌ ዕቃ አሁን በውጭ አገር እንደሚፈለግ የሆነ ቦታ ሰምቻለሁ።

ከሚኒባሱ ወርጄ ማሽኑን እንዳቀፍኩ በቀጥታ ሱቁ ሄድኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ሱቁ በደንበኛ ሞልቷል። ተክሌ አንዲት ሬዲዮ ፈትቶ በካውያ እየበየደ ነው።

"ተክሌ" አልኩት፣ "ዕቃዋን መልስ።"

"የትኛዋን ዕቃ?"

"ከጋሽ ሉቃስ ማሽን ያወጣሃትን። እኔ ገመድ ላመጣ ስወጣ።"

የሬዲዮዋ ባለቤት የሬዲዮዋን ዕቃዎች በዓይኗ መቁጠር ጀመረች። ተክሌ ካውያውን ማስቀመጫው ላይ አስቀመጠ። አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ እየሳበ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው።

"ፈትሽ" አለ።

"እኔ መፈተሽ ሳይሆን..."

"ፈትሽ። እኔ ይቺን ሱቅ ስከፍት ጋሽ ሉቃስ ናቸው ከተማሪ ቤታቸው የመጀመሪያ ጠረጴዛ የሰጡኝ። ይቺው ናት። አንተ የተደገፍክባት።" ጠረጴዛዋ ላይ ተደግፌ ነበር፤ እጄን አነሣሁ። ተክሌ መሣሪያውን ቦርሳው ውስጥ ከተተ፣ ደንበኞቹን ይቅርታ ጠየቀ፣ ሱቁን ቆለፈ። "አሁን እንሂድ። ማሽኑ በእሳቸው ፊት ይከፈት።"

ከመናኸሪያው እስከ ሰፈራችን በአንድ ባጃጅ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ሄድን። ማሽኑ ጉልበቴ ላይ ነበር።

ጋሽ ሉቃስ ቤት ስንገባ እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ደብተር ዘርግተዋል። ሳምንቱን ሙሉ፣ እኔ ሰው ስጠረጥር፣ እሳቸው ማሽኑ የትኛውን ፊደል ወደ የትኛው እንደሚለውጥ እየጻፉ ሰንጠረዥ ሠርተዋል። አልማዝም አለች፤ አጠገባቸው ተቀምጣ እርሳስ ትቀርጽላቸዋለች።

"ጋሼ፣ ሌባው ተገኝቷል" አልኩ።

"ሌባ የለም" አሉ ቀና ሳይሉ። "ና ተቀመጥ። አንተም ተክሌ። ኤ ሲ ይሆናል፤ ሁለት ጨመረ። ዲ ኤፍ ይሆናል፤ ሁለት ጨመረ። አራት ስድስት ይሆናል፤ ሁለት ጨመረ። ሁልጊዜ የሚጨምረው ሁለት ነው። ሌባ ሲጨምር አይተህ ታውቃለህ?"

አይቼ አላውቅም።

"ማሽኑ ፊደሉን ሁሉ በቁጥር ነው የሚያውቀው። ቁጥሩን ስምንት ተማሪዎች ተሰልፈው ይይዙታል በል። አንደኛው አንድን ይይዛል፣ ሁለተኛው ሁለትን፣ ሦስተኛው አራትን፣ አራተኛው ስምንትን፣ እንዲህ እያለ በእጥፍ ይሄዳል። የተጠራ ብቻ እጁን ያወጣል። የእኛ ሁለተኛ ተማሪ ግን ተጠራም አልተጠራም እጁን እንዳወጣ ነው። አራት ስትለው ሳይጠሩት ሁለቱን ይጨምርና ስድስት ይሆናል። ቢ ውስጥ ግን ሁለት ስላለበት፣ ሲጠራም ተራው ነው፤ አይሳሳትም።" እርሳሱን አስቀመጡ። "ማሽኑ ማሰቡን በትክክል ያስባል። የሚሳሳተው ሲያሳይ ነው። ውስጡ ሥዕሉን የሚይዙ ስምንት ተመሳሳይ ነገሮች መኖር አለባቸው። ሁለተኛውን እዩልኝ።"

ስምንት ተመሳሳይ። ሁለተኛው።

ተክሌ ካቻቢቴውን አውጥቶ ክዳኑን ፈታ። ስምንቱ መንታዎች እንደ ተሰለፉ ናቸው። በእጅ ባትሪ እያበራ ጎንበስ ብሎ ሁለተኛውን ረጅም ጊዜ አየው።

"አንዷ እግሯ ጉድጓዱ ውስጥ አልገባችም" አለ። "ወደ ሆዱ ታጥፋለች። ተጭነውበት ነው።" ከዚያ ጣቱን ጫፉ ላይ አሳረፈ። "የቢላ ጭረትም አለው። አዲስ ነው።"

ሦስቱም እርስ በርስ ተያዩ። ቀጥሎም፣ ሳይነጋገሩ፣ ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። በሕይወቴ ሙሉ ሰውን ያየሁበትን ዓይን ያን ጊዜ ከሌላ ሰው ፊት ላይ አየሁት፤ አይመችም።

"ሰላይ መስሎኝ ነው" አልኩ።

"ማን?" አለች አልማዝ።

"አይሲው።"

ማንም አልሳቀም። ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ቢላውን፣ አውራ ጣቴን፣ ቀጭ ማለቱን፣ ምሳዬን ደስ ብሎኝ መብላቴን ሳይቀር። ከዚያ ወደ ተክሌ ዞሬ፣ "ወንድሜ፣ በሰው ፊት ነው ያዋረድኩህ፤ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ሰኞ ሱቅህ ሙሉ ሲሆን መጥቼ እናገራለሁ" አልኩት።

"ሰኞ አይሞላም" አለ ተክሌ፣ ወረንጦውን ቦርሳው ውስጥ እየፈለገ። "ቅዳሜ ና። በሦስት ሰዓት።"

አይሲውን በቀስታ አወጣው። የታጠፈችውን እግር በወረንጦ አቃናት። መልሶ ሰካው፣ ዙሪያውን አይቶ እንደገና አየው፣ ክዳኑን ሳይገጥም ሽቦዎቹን አገናኘ።

ጋሽ ሉቃስ አበሩት። ስክሪኑ ንጹሕ ነው። አንድም መስመር የለም፣ አንድም ጥቅስ የለም። ሁለት ሲደመር ሁለት ብለው ጠየቁት።

አራት።

"ጎበዝ" አሉት፣ ልክ ሰሌዳ ፊት እንደ ቆመ ተማሪ።

ካሴቱን ከተቱ። ቴፑ ያንን ጩኸቱን ጮኸ፤ እኔ አሁንም ጩኸቱን አላምነውም። ሥዕሉ ከላይ ጀምሮ መስመር በመስመር ወረደ። መጀመሪያ የሻሽ እጥፋት። ከዚያ ሰፊ ግንባር። ከዚያ ቅንድብ፣ አንዱ ከሌላው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የተቆጣ ሰው ቅንድብ። ዓይኖቿ ሲወጡ አልማዝ እጇን አፏ ላይ አደረገች። አፍንጫ፣ ከንፈር፣ አገጭ፣ የአንገት ማተብ። ቆመ። አለቀ።

ነጠብጣብ ብቻ ነው፤ ጥቁርና ነጭ። ግን ሴትየዋ እዚያ ተቀምጣለች።

አልማዝ ወንበር ስባ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ፊት ለፊት ሲሆኑ ነው እኔም ያየሁት። ያው ግንባር፣ ያው ከፍ ያለ ቅንድብ። እኔ ስንት ዓመት በአጥር ላይ ሰላም ስላት የኖርኩት ፊት ነው።

"ለምንድን ነው የተቆጣችው?" አለች አልማዝ።

ጋሽ ሉቃስ ወደ ሥዕሉ አመለከቱ። "አንቺ በጀርባዋ ነበርሽ። እያለቀስሽ። አትነቃነቂ እያልኩ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስቀመጥኳት። 'ሉቃስ፣ ልጄ እያለቀሰች አንተ ካሬ ትቆጥራለህ?' ነው የምትለው እዚህ ላይ።"

አልማዝ ሳቀች፤ እየሳቀች እንባዋ ወረደ። ጋሽ ሉቃስ በወላይትኛ አንድ ነገር አሏት፤ እኔ መስማቴ ትክክል ስላልመሰለኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ትንሽ ሲረጋጉ፣ ካሴቱ አሮጌ ነው፣ ማሽኑም እንዲሁ፣ ቶሎ ፎቶ እናንሣው ተባለ። ስልኬን አውጥቼ አነሣሁ። ፎቶውን አየሁት። በወይዘሮ አስቴር ፊት ላይ ሰፋፊ ጥቁር መስመሮች ተጋድመዋል!

"ተመለሰ!" ብዬ ጮኽኩ። "መስመሩ ተመለሰ! በዚህ ጊዜ ደግሞ ተኝቷል! ማንም ከቦታው እንዳይነቃነቅ!"

ተክሌ ስልኬን ከእጄ ወስዶ አየ፣ ቴሌቪዥኗን አየ፣ መለሰልኝ። "ቴሌቪዥኗ ደኅና ናት። አሮጌ ቴሌቪዥን በስልክ ሲነሣ እንዲህ ነው፤ ትርገበገባለች፤ የእኛ ዓይን ነው የማያየው።"

በአልማዝም ስልክ፣ በእሱም ስልክ ሞከርን። ሁሉም ላይ መስመር። ጋሽ ሉቃስ ተነሥተው ከመደርደሪያው ላይ የቆየ፣ ካርታ የሚገለበጥበት ስስ ወረቀት አወጡ። ተክሌ ወረቀቱን በፕላስተር ቴሌቪዥኗ መስታወት ላይ ለጠፈው። የእናቷ ፊት በወረቀቱ ውስጥ ብሩህ ሆኖ አለፈ። አልማዝ ራሷ የቀረጸችውን እርሳስ ይዛ ጎንበስ አለች፤ ከቅንድቡ ጀመረች።

መብራት ድንገት ቢሄድ ሁሉ ነገር እንደ ገና ነው። ስለዚህ ሁሉም የየራሱን ጥበቃ ያዘ። ተክሌ በሁለት ጣቱ ማከፋፈያውን ይዞ ተንበረከከ። ጋሽ ሉቃስ ሁለት እጃቸውን ማሽኑ ግራና ቀኝ ዘርግተው፣ ሕፃን እንዳይወድቅ እንደሚጠብቅ ሰው ከበቡት። እኔም መርዳት ፈልጌ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተራመድኩ።

ሦስቱም በአንድ ጊዜ ቀና አሉ።

"አንተ" አሉኝ ጋሽ ሉቃስ በፍቅር፣ ግን በጣም በቁም ነገር፣ "እዚያው በሩ ጋ ቁም። እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት።"

ከተትኩ።

"ሁለቱንም" አለች አልማዝ፣ እርሳሷን ከወረቀቱ ሳታነሣ።